ያፍረኛል፣ ያፍርብኛል

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዲሪር፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህን የሚኒባስ ሹፌሩ ዋርፋ ትናንት ከደወሌ እንደተመለሰ መኪናውን ደጄ ላይ አቁሞ ሰጠኝ። የማን እንደሆነ ሳይነግረኝ አወቅሁ። «መ»ን እንደ ሁለት ጎማ አክብበህ የምትጽፍ አንተ ብቻ ነህ።

«ለሚያነብልሽ ሰው ሰላምታዬን አድርሺልኝ» ብለሃል። የሚያነብልኝ ሰው የለም። ራሴ አነበብኩት፣ ይኸው ራሴ እየጻፍኩልህ ነው። ሚስትህ ሳለሁ የጎልማሶች ትምህርት ስሄድ «ጊዜ ይገፋልሻል» እያልክ ትስቅ ነበር። አንተ በከባድ መኪናህ ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ፣ እኔ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ። ከጀልዴሳ ፍየል ጥበቃ የመጣች ሴት አማርኛ እስከ መጻፍ ትደርሳለች ብለህ አላሰብክም። እኔም አላሰብኩም ነበር።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። አዎ፣ እውነት ነው፣ ካሂን ሽማግሌ ልኳል። ታውቀዋለህ፣ ቀፊራ ገበያ ሩዝና ፓስታ በጅምላ የሚሸጠው። አምና ሚስቱ ሞታበት አምስት ልጆች ይዞ ቀርቷል። ክፉ ሰው አይደለም። ሽማግሌዎቹ የሄዱት የአባቴ ወንድም አዴር ኢልዋድ ዘንድ ነው። እሱም ለኢድ መልስ እሰጣችኋለሁ ብሏቸዋል።

«ስንት ሴት እያለ ለምን አንቺን መረጠ?» ብለሃል። እህቱ ድሪያ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ ትከሻዋ ላይ እየለካሁላት በግልጽ ነገረችኝ።

«አየሽ ፋርሂያ፣ ወንድሜ ወጣት ቢያገባ ትወልድና የሟቿን ልጆች ትረሳለች። አንቺን ግን አላህ ማህፀንሽን ስለዘጋው ለእነሱ እናት ትሆኚያለሽ።»

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። እሷ ክፉ የተናገረች አልመሰላትም፣ ያመሰገነችኝ መስሏት ነው። ካንተ ጋር መካን ተብዬ ኖርኩ፣ መካን ተብዬ ተፈታሁ፣ አሁን ደግሞ ያው ስም ባል አመጣልኝ።

«ደስ ብሎሻል ወይ?» ብለሃል። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግማሿን የስፌት መኪናዬ ይዞታል። ሥራ አለኝ፣ ጤና ነኝ። ከፈታኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኝም የከባድ መኪና ጡሩምባ ስሰማ እግሬ ከስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ ይነሳል። ይህን ልጽፍልህ አልፈለግሁም ነበር፣ ግን ሰርዤ ወረቀቱን አላበላሽም።

ፋርሂያ


ደወሌ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበርሽ ፋርሂያ፣

ለጤናሽ፣ ለሥራሽ፣ ለዓይንሽ፣ ለጣቶችሽ ሰላም እላለሁ። መርፌው የገባበት ጣት ዳነልሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ብርድ የሚባለው ላብ የማያንጠባጥብበት ቀን ነው፣ ይኸው ሦስት ቀን በርዶናል። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የጎማ ማስቲሽ ስለሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። መንዳት ትቻለሁ። ጎሚስታ ሆኜ የሌሎችን ጎማ እለጥፋለሁ። መኪናው ወደ ድሬ ሲሄድ እኔ እዚሁ እቀራለሁ፣ እንዲህ ይሻለኛል።

ጽሑፍሽን አይቼ ብዙ ተቀመጥኩ። የአንቺ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ፊደልሽ ከእኔ ያምራል።

በዋርፋ በኩል «ስልክ የለውም ወይ?» ብለሽ ልከሽብኛል። አለኝ። አራት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ከማታውቂው ቁጥር ተደውሎ «ሄሎ፣ ማን ልበል?» ስትዪ የሚዘጋብሽ እኔ ነበርኩ። ድምፅሽን ስሰማ የያዝኩት ነገር ከአፌ ይጠፋል። በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

ፋርሂያ፣ ካሂንን አታግቢው። ምክንያቱን ግን አትጠይቂኝ። ቅናት አይደለም፣ ወይም ቅናት ብቻ አይደለም። እሱ የሚፈልግሽ ላልሆንሽው ነገር ነው።

እናቴን መንገድ ላይ ብታገኚያት ሰላም በያት። እሷ ስላለችሽ ነገር ሁሉ ይቅር በይኝ። እሷን ሳይሆን እኔን።

ከጅቡቲ የመጣ ለድሪያ የሚሆን ጨርቅ በዋርፋ ልኬልሻለሁ። ቀለሙ የሻይ ቅጠል ዓይነት ነው፣ ትወጂው ነበር።

ዲሪር


ድሬዳዋ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዲሪር፣

ሰላም ብያለሁ። ጨርቁን ለዋርፋ መልሼለታለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ቀለሙ ያምራል፣ ግን ለምን እንደተላከልኝ ሳላውቅ ጨርቅ አልቆርጥም።

«አታግቢው፣ ምክንያቱን አትጠይቂኝ» ማለት ምንድን ነው? እንዲህ የምትታዘዝ ሚስት ናት፣ እኔ ደግሞ ሚስትህ አይደለሁም። «ላልሆንሽው ነገር ነው» ብለህስ? ምንድን ነው ያልሆንኩት?

ስለ ትምህርቴ ጠይቀህ አታውቅም፣ ሳትጠይቀኝ የአንድ ቀን ነገር ልንገርህ። መምህርታችን መሪያም ትባላለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ «አፈረ» ብላ ጻፈችና እያንዳንዳችን በቃሉ ዓረፍተ ነገር እንድንሠራ አዘዘችን። አንዷ «ልጄ ፈተናውን አልፎ አላሳፈረኝም» አለች፣ አጨበጨብንላት። ሌላዋ «የልጄ ሚስት እንግዳ ፊት ታፍራለች» አለች፣ ጨዋነቷን መመስከሯ ነው። ሦስተኛዋ «ጎረቤቴ ቡና ጠጥታ ታማኛለች፣ አታፍርም» አለች። ሃምዳ የምትባለው ጓደኛዬ «ሀፍረተ ሥጋ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። መምህርቷ ራሷ አፍራ «የሚሸፈን ገላ ነው» ብላ ስትመልስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ በሶማሊኛ ለዚህ ሁሉ ዔብ እንላለን። ዔብ ግን ሁልጊዜ ከባድ ነው። አማርኛው አንዳንዴ ቀላል፣ አንዳንዴም የሚያምር መሆኑ ገረመኝ።

ተራዬ ሲደርስ «ባሌ ያፍረኛል» ብዬ ጻፍኩ። መምህርት መሪያም አነበበችና ፈገግ አለች።

«ጥሩ ነው። ያከብረኛል፣ ፊቴ ደፍሮ አይናገርም ማለትሽ ነው አይደል?»

«አይ» አልኳት። «ሰው ፊት ሊያወጣኝ አይፈልግም። ስለማልወልድ።»

ፈገግታዋን ተወችው። እስክሪብቶዬን ወስዳ «ረ»ን «ር» አድርጋ መሀሉ ላይ «ብ» ጨመረችበት። «ያፍርብኛል» ሆነ። አንድ ፊደል ብቻ ናት። ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ በአፌ ይዣት ሄድኩ።

አሁን የምጠይቅህን መልስልኝ፣ ሌላ ምንም አትጻፍልኝ። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሲሞላን የሄድንበትን ክሊኒክ ታስታውሳለህ። ሐኪሙ ምን ነበር ያለው? አንተ ለእኔ የነገርከኝን አይደለም የምጠይቅህ። እሱ ያለውን፣ በተናገረበት ቋንቋ፣ እንዳለው ጻፍልኝ።

ፋርሂያ


ደወሌ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋርሂያ፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፍ የለኝም። ከዘገየሁ ወር ሊሞላኝ ነው፣ ዋርፋ ሁለት ጊዜ «መልስ አለህ?» ብሎ ባዶ እጁን ሄዷል። ጻፍ ያልሽኝን እጽፋለሁ።

ሐኪሙ ሶማሊኛ አይችልም። አንቺ ያኔ ከገበያ ቃል ያለፈ አማርኛ የለሽም። ነርሷ አስተርጓሚ ልጥራላችሁ ስትል «አያስፈልግም፣ እኔ እነግራታለሁ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ የሁለታችንን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ አለ፦

«ባለቤትዎ ደህና ናት። ችግሩ ከእርስዎ ነው። በምርመራው ዘር አልተገኘም።»

አንቺ «ምን አለ?» አልሽኝ። ዓይንሽ አፌ ላይ ነበር።

«ችግሩ ከአንቺ ነው ይላል» አልኩሽ።

አስቤ የመጣሁበት ውሸት አልነበረም፣ ወላሂ። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። አንቺ ማልቀስ ስትጀምሪ ሐኪሙ በሀዘን አየሽና «ለእርስዎ ነው የምታለቅሰው፣ ጥሩ ሚስት አለችዎት» አለኝ። ይህንንም አልተረጎምኩልሽም።

መንገድ ላይ እነግራታለሁ አልኩ፣ ቤት ስንደርስ አልኩ፣ ከጉዞ ስመለስ አልኩ። ስመለስ እናቴ ቀድማ ሰምታ ከጀልዴሳ የመድኃኒት ሥር አስቆፍራ እያፈላችልሽ አገኘሁ። መራራ ስለነበር አፍንጫሽን ይዘሽ ነው የጠጣሽው። ያኔ ማስጣል ነበረብኝ። እኔ ግን ወጥቼ የመኪናዬን ዘይት አየሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ በጠጣሽ ቁጥር ወጥቼ ዘይት አይ ነበር። ያ መኪና ያን ያህል ዘይት አይበላም ነበር።

እናቴ ሁለተኛ ሚስት ላምጣልህ ስትለኝ፣ ያቺም ሳትወልድ ብትቀር ሰው ምን ሊል ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ፈታሁሽና ወደዚህ ሸሸሁ። ለራሴ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «ፈትቼ ለቀቅኋት፣ ከሌላ ትወልዳለች፣ ይህ ለእሷ ደግነት ነው» አልኩት። ግን መካን የሚል ስም አሸክሜሽ ነው የለቀቅሁሽ። ማን ሊያገባሽ? ካሂንን እስክሰማ ድረስ ይህን አላሰብኩትም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለምን በአማርኛ እንደምጽፍልሽ። በሶማሊኛ ልጽፈው ሞክሬ ነበር። በቋንቋችን አንድ ቃል አልወጣኝም። በአማርኛ ስጽፈው ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስለኛል፣ ለዚህ ነው የቻልኩት።

ይህን ደብዳቤ ለአዴር ኢልዋድ አሳዪው። ለካሂን እህት አሳዪያት። ለፈለግሽው ሁሉ አሳዪው።

ዲሪር


ድሬዳዋ
መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዲሪር፣

ረመዳን ከሪም። ሰላምታህ ቢቀርም ሰላም ብዬሃለሁ።

አውቀው ነበር።

ሐኪሙ የተናገረውን ሳልረዳው በድምፁ ይዤው ነበር የወጣሁት፣ ሕፃን የማያውቀውን ዜማ እንደሚይዝ። በውስጡ የማውቃት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ «ደህና»። ደህና ሁኑ ብሎ እያሰናበተን መስሎኝ ልነሳ ስል «ቁጭ በይ» አልከኝ። ከዚያ ነው «ምን አለ?» ያልኩህ።

ከመለያየታችን ሁለት ዓመት በፊት መምህርት መሪያም ትልቅ ሰው በአክብሮት እንዴት እንደሚጠየቅ አስተማረችን። «ባለቤትዎ ደህና ናት?» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «ባለቤትዎ ማለት የእርስዎ ሚስት ወይም ባል ማለት ነው። እርስዎ የሚባለው ፊት ለፊት ያለው ሰው ነው» አለች። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያ ሐኪም ያኔ ያየው የነበረው አንተን ነው። እኔን አላየኝም ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ጆሮዬ ውስጥ ተናገረኝ፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ የሚያስተረጉምልኝ ሰው አላስፈለገኝም።

«ለምን ዝም አልሽ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ዝምታዬን ደግነት እንዳታደርገው። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ከዚያ ጠበቅሁህ። ከጉዞ በመጣህ ቁጥር ዛሬ ይነግረኛል እል ነበር። እናትህ ያፈላችውን ሥር እያወቅሁ ጠጣሁት፣ ስጠጣ ታይና ትናገራለህ ብዬ። አንተ ወጥተህ ዘይት ታይ ነበር። የፈታኸኝ ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ስትቀመጥ አሁን ይናገራል ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሼን ያዝኩ። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? የተፈታች መካን ባሏን ሰደበች ይባላል። ከዚያም በላይ አንተን ሰው ፊት ማዋረድ አቃተኝ። ያ የእኔ ዔብ ነው፣ የእኔን ድርሻ አልክድም።

አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። የመምህርት መሪያም እርማት ልክ አልነበረም። አንተ አላፈርክብኝም። ሰው ፊት ሳታወጣኝ የቀረኸው፣ ማዕድ ላይ ዓይኔን የማታየው፣ ስለዋሸኸኝ እኔን አፍረህ ነው። እሷ የጨመረቻት ፊደል ስንት ዓመት አንገቴን አስደፍታኛለች። አንዲት ፊደል ናት ብዬህ ነበር፣ አይደለችም።

ደብዳቤውን ለማንም አላሳይም። ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት አልዞርም። ስሜን ያጠፋኸው በአፍህ ስለሆነ በአፍህ መልሰው። አዴር ኢልዋድ ባለበት፣ እናትህ ባለችበት፣ ሁላችንም በምንሰማው በራሳችን ቋንቋ። ለካሂን ሽማግሌዎች መልስ የሚሰጠው የኢድ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ካልመጣህ ምን እንደምመልስ እኔም አላውቅም።

ፋርሂያ


ደወሌ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋርሂያ፣

ዋርፋ የኢድ ዋዜማ ወደ ድሬ ይመጣል። ቦታ ያዝልኝ ብዬዋለሁ።

ጎማ ስለጥፍ በሶማሊኛ እለማመዳለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ «አቦ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው? ጾሙ ነው ወይ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ለአዴር ኢልዋድ እንደምመጣ ንገሪው፣ ለምን እንደምመጣ አትንገሪው። ቀድመሽ ከነገርሽልኝ መናገሩ ይቀርልኛል። እኔን ታውቂኛለሽ።

ዲሪር


ድሬዳዋ
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዲሪር፣

ለጤናህ ሰላም እላለሁ፣ በሰላም እንደገባህም ዋርፋ ነግሮኛል። «ከሴቶቹ ዘንድ ይሰማ ነበር ወይ?» ብለህ ልከህብኛል። ሁሉም ተሰምቷል። ከመጋረጃው በዚህ በኩል ስድስት ሴቶች ነበርን፣ አንዷም አልሳለችም።

በአማርኛ ስትጀምር ሊሸሽ ነው አልኩ። አዴር ኢልዋድ «ምነው፣ ሶማሊኛ ጠፋብህ?» አለህ። ከዚያ በቋንቋችን ተናገርከው። ደጋግመህ ስለተለማመድከው መሰለኝ ቃሎቹ ደረቅ ነበሩ፣ ግን አንዳቸውንም አልዋጥካቸውም። እናትህ «ልጄ ታሟል፣ የደወሌ ሙቀት ነው» ስትል፣ «አልታመምኩም ሆዮ፣ ድሮም የታመምኩት እኔ ነበርኩ» አልካት። አዴር ኢልዋድ «ይህን ለእሷ ለብቻዋ ብትነግራት ምናለ?» ብሎ ሲቆጣህ የመለስክለትን ሃምዳ እስካሁን ለሰው ሁሉ ታወራዋለች። «መካን ያልኳት ለብቻዋ አይደለም» ነው ያልከው።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። የካሂን እህት በሦስተኛው ቀን መጣችና «ወንድሜ ነገሩን ትንሽ እናቆየው ይላል» አለች። ትወልድብኝ ይሆናል ብሎ ሰግቷል። ብቻዬን እስክቀር ጠብቄ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

እናትህም መጣች። አሥር ዓመት ምራቷ ሳለሁ ለእኔ ብላ በር አንኳኩታ አታውቅም። ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠች። «ያ ያጠጣሁሽ ሥር…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ቆይታ ለድሪያ ለኪኝ አለች። ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ ሳዞር ሁለት እጄን ይዛ ደረቷ ላይ አስቀረችው። ከስታለች፣ እናትህን ቶሎ ቶሎ ደውልላት። በአሁኑ ጊዜ ከአንተ ይልቅ ያፈረችው እሷ ናት።

አሁን በር ላይ ጫማህን እያደረግህ የጠየቅኸኝን ልመልስ። «እንደገና ኒካህ ብናስር ትመጫለሽ ወይ?» አልከኝ፣ በጽሑፍ እመልስልሃለሁ አልኩህ። ፊትህን እያየሁ ብመልስ ኖሮ እሺ እል ነበር፣ ለዚህ ነው።

አልመጣም ዲሪር።

ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ እውነቱን ብትነግረኝ እቀር ነበር። ልበቀልህ አይደለም የምጽፈው፣ እንድታውቀው ነው። ወላሂ እቀር ነበር፣ ልጅ ባይኖረንም። ያኔ ግን ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ መርጬ በቀረሁ ነበር። አሁን ሠላሳ አራት ሆኛለሁ፣ እና ልጅ እፈልጋለሁ። ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። መካን የተባለች ሴት ልጅ እፈልጋለሁ ስትል ሰው አንገቱን ይሰብርላታል እንጂ አይሰማትም። ምናልባት ባል አላገኝ ይሆናል፣ ባገኝም ጊዜው አልፎብኝ ይሆናል። ሳልሞክረው ካንተ ጋር ብገባ ግን አንድ ቀን ምሳ እያቀረብኩልህ እጠላሃለሁ። አንተን መጥላት እስካሁን አላውቅበትም፣ እንዳልማረው እፈራለሁ።

ከዚህ በኋላ እንዳትጽፍልኝ እለምንሃለሁ። ደብዳቤህ ከመጣ አነብበዋለሁ፣ ካነበብኩ መልስ እጽፋለሁ፣ ከጻፍኩ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ ልጨርስ። የሄድክ ቀን አይቼሃለሁ። የተሰፋ ልብስ ለማድረስ በባጃጅ በከዚራ ሰፈር በኩል እያለፍኩ ነበር። በዛፎቹ ጥላ ሥር ቦርሳህን በአንድ ትከሻህ አንጠልጥለህ ትሄዳለህ። ሸሚዝህ ከጀርባው ተተርትሯል፣ ማንም አልነገረህም መሰለኝ። ሹፌሩ ዞሬ ስመለከት አየኝና «እህቴ፣ የምታውቂው ሰው ነው? ላቁምልሽ?» አለኝ።

«አይ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።

ቀስ ብሎ ነዳልኝ። መታጠፊያው ላይ እስክትጠፋኝ ድረስ አየሁህ። ሹፌሩ በመስታወቱ እንባዬን አየ፣ እኔም እንዳየኝ አየሁ። ሻሼ አንገቴ ላይ ነበር። ፊቴን አልሸፈንኩም።

ፋርሂያ